ከግብር የሸሸ ሰው ቤቱ የት ነው?

በጥቅምት 2002 (እዚህ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሙኒክ ውስጥ በተሰየመ ችሎት ዓለም የሚያውቀው የቴኒስ ተጫዋች ስለ አንዲት ክፍል ይጠየቅ ነበር። ክፍሏ ከጣሪያ ሥር ያለች፣ ዕቃዋ ጥቂት፣ ባለቤቷም የተጫዋቹ እህት ናት። ሰውዬው በ17 ዓመቱ ዊምብልደንን ያሸነፈው ቦሪስ ቤከር ነው። ወረቀቱ የሞናኮ ነዋሪ ይለዋል። ዐቃቤ ሕግ ግን ከ1991 እስከ 1993 ድረስ ኑሮው ሙኒክ ነበር ብሎ ከሰሰው፤ ለዚህም ያቺን ክፍል ማስረጃ አደረጋት። ቤከር ክፍሏን መያዙን አልካደም፤ ዕቃ እንኳ በቅጡ የሌላት ነበረች አለ። ፍርድ ቤቱ በግብር ስወራ ጥፋተኛ ብሎ የሁለት ዓመት እስራት በገደብ ፈረደበት፤ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮም በቅጣትና በበጎ አድራጎት መዋጮ መልክ እንዲከፍል አዘዘ። ከፍርዱ በፊት ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ውዝፍ ግብር ከፍሏል። ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀው ሦስት ዓመት ተኩል እስራት ስለነበር ቤከር ከችሎቱ የወጣው እፎይ ብሎ ነው።

ችሎቱ ስለ ገንዘቡ ብዙም አልተከራከረም፤ ቤከር ምን ያህል እንዳገኘ የታወቀ ነበር። ክርክሩ ሰውዬው የት ያድር ነበር የሚለው ነው። ሀብታሞች አገር ሲለቁ አማካሪዎቻቸው የሚያቀርቡላቸው ሰንጠረዥ የግብር መጠን ይዘረዝራል፤ እዚህ 45 በመቶ፣ እዚያ ዜሮ ይላል። በእኔ ግምት ሰንጠረዡ ከጥያቄው ቀላሉን ክፍል ብቻ ነው የሚመልሰው። አዲስ አገር መግባት ዛሬ በዋጋ የሚሸጥ ነገር ነው። ችግሩ ያለው ከአሮጌው በመውጣቱ ላይ ነው፤ ቤከርንም የከሰሰችው የሄደባት ሞናኮ አይደለችም፤ ትቻታለሁ ያላት ጀርመን ናት።

የመግቢያው ገበያ ሞልቷል። ጣሊያን ከ2017 ጀምሮ አዲስ የሚመጣን ባለሀብት ከውጭ አገር በሚያገኘው ገቢ ሁሉ ላይ በዓመት ቁርጥ ግብር፣ መጀመሪያ ላይ 100 ሺህ ዩሮ፣ አስከፍላ ትተወዋለች፤ አንድ ሚሊዮን ያግኝ አንድ ቢሊዮን ግድ የላትም። ውሉ እስከ 15 ዓመት ይዘልቃል። ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ተወደደ፤ በ2024 ወደ 200 ሺህ፣ በ2026 ደግሞ ወደ 300 ሺህ ዩሮ ከፍ አለ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር የላትም። 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ቤት ዱባይ ላይ የገዛ ሰው የረዥም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። በ2023 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት ፈቃድና ቤት ወይም ሥራ ያለው ሰው 90 ቀን ከቆየ እንኳ የግብር ነዋሪ ተብሎ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። (ይህ ዜሮ ግብር የሀብታሞቹ ብቻ አይደለም። እዚያው ቪላ ውስጥ ልጅ የምታሳድገው ኢትዮጵያዊትም ከደመወዟ ግብር አይቆረጥባትም። ግን ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ስንት ቀን እንደቆየችም የሚቆጥርላት አማካሪ የለም።)

ስዊዘርላንድ በዚህ ንግድ ቀዳሚ ናት። የቮ ካንቶን በ1862 የጀመረው ዘዴ የውጭ አገር ሀብታም ምን ያህል እንደሚያገኝ አይጠይቅም፤ ምን ያህል ለኑሮው እንደሚያወጣ ይገምታል። ግምቱ ቢያንስ የቤቱን ዓመታዊ ኪራይ ሰባት እጥፍ ይሆናል፣ በፌዴራል ደረጃም ከ400 ሺህ ፍራንክ ከፍ ያለ ዝቅተኛ ገደብ አለው። ሰውዬው ስዊሳዊ መሆን የለበትም፣ አገሩ ውስጥም ሠርቶ ማግኘት የለበትም። የዙሪክ ሕዝብ በ2009 ይህን ለአንዳንድ ሰው ብቻ የሚደረግ ቅናሽ በድምፁ ሻረው። በዘዴው ይጠቀሙ ከነበሩት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ግማሽ ገደማው ካንቶኑን ለቅቀው ሄዱ፤ የቀሩት በመደበኛው መጠን መክፈል ጀመሩ። በ2014 አገር አቀፍ ድምፅ ሲሰጥ ግን ከመራጩ 60 በመቶ የሚጠጋው ዘዴው ይቆይ አለ። ሀብታሞቹን ማስኮብለል የሚፈሩ ትንንሽ የተራራ ቀበሌዎች ከዙሪክ ጋር አንድ ሒሳብ አልነበራቸውም።

ሞናኮ ደግሞ ከ1869 ጀምሮ የገቢ ግብር የላትም። ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን አገር ይህን ያህል ዘመን ጎረቤቷን ሳታስቀይም ልትኖር አትችልም፤ ቀኑም ደረሰ። በጥቅምት 1962 ሌሊት የፈረንሳይ የጉምሩክ ሠራተኞች ሞናኮ በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ኬላ ዘርግተው መኪና ማስቆም ጀመሩ። ዦርዥ ፖምፒዱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ደ ጎል ፕሬዚዳንት የነበሩበት ጊዜ ነው። የፓሪስ ቁጣ መነሻ ፈረንሳውያን ሀብታሞችና ኩባንያዎች ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው ከግብር መዳናቸው ነበር። ልዑል ሬይንየ ሣልሳዊ ብዙ ሊገዳደር አልቻለም። በግንቦት 1963 በተፈረመው ስምምነት ከጥቅምት 1962 በፊት አምስት ዓመት እዚያ መኖሩን ማሳየት ያልቻለ ፈረንሳዊ ሁሉ ሞናኮ ቢቀመጥም ፓሪስ እንዳለ ተቆጥሮ እንዲከፍል ተወሰነ። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሞናኮ ለጣሊያናዊው፣ ለእንግሊዛዊው፣ ለሩሲያዊው መጠለያ ስትሆን ደጃፏ ላይ ላለው ፈረንሳዊ ግን ከቤቱ የተለየች አይደለችም።

የተተወች አገር ሁሉ የደ ጎል ጡንቻ የላትም። ስለዚህ ሌላ መላ ፈለጉ፤ ሰውዬውን ከመውጣቱ በፊት በር ላይ ማስከፈል። ጀርመን ይህን የተማረችው ከአንድ ሰው ነው። ሄልሙት ሆርተን የትልልቅ መደብሮች ባለቤት ነበር (ሀብቱ የተጀመረው በናዚ ዘመን ከአይሁድ ባለቤቶች በተወሰደ መደብር መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው)። በ1968 ወደ ስዊዘርላንድ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ አክሲዮኑን ሸጠ፤ ለጀርመን ከትርፉ የደረሳት ነገር አልነበረም። በ1972 ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣ፤ አገር የሚለቅ ባለ አክሲዮን ድርሻውን በወጣበት ቀን እንደሸጠ ተቆጥሮ ግብር ይከፍላል የሚል። ጀርመኖች ሕጉን በሆርተን ስም ይጠሩታል። ሆርተን ራሱ ግን በሕጉ አልተነካም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኖርዌይ በቅርቡ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ። እዚያ ሰው በየዓመቱ ካለው ሀብት ላይ ግብር ይከፍላል፤ ከ2022 ወዲህ በትልልቆቹ ላይ መጠኑ 1.1 በመቶ ደርሷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው ገና ያላተረፈ፣ በወረቀት ግን መቶ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ማምጣት አለበት፤ ለዚያ ሲል ከኩባንያው ድርሻ ያወጣል ወይም አክሲዮን ይሸጣል። በመስከረም 2022 የአሳና የኢነርጂ ባለሀብቱ ሼል ኢንገ ሮከ ወደ ሉጋኖ መዛወሩን በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ። ሌሎችም ተከተሉት። መንግሥት በ2024 መውጫውን አጠበበ፤ የሚለቅ ሰው ገና ባልሸጠው አክሲዮን ላይ ባለው የዋጋ ዕድገት 37.84 በመቶ ይታሰብበታል፣ ቢበዛ በ12 ዓመት ውስጥም ከፍሎ መጨረስ ይኖርበታል። ቀድሞ ግን አምስት ዓመት ውጭ ከቆየ ዕዳው የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሕግ አንድ ያልታሰበ ውጤት አለው፤ ገና ሀብታም ያልሆነ ወጣት ድርጅቱ ሳይተመን ቀድሞ እንዲወጣ ያደርገዋል። የመውጫ ግብርን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ቆጠራ። ከስድስት ወር በታች ከቆየሁ ነፃ ነኝ የሚል እምነት በሁሉም ዘንድ አለ፤ 183 የምትለዋ ቁጥር እንደ ክታብ ትያዛለች። ቁጥሯ በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለች፤ ነገር ግን የምታገለግለው ባለሥልጣኑን ነው። ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ከዚያ በታች የቆየ ሰው ነዋሪ አይደለም የሚል ግን የለም። እንግሊዝ ውስጥ ይህን በውድ ዋጋ የተማረ አንድ ነጋዴ አለ። በ1976 ሲሸልስ ነዋሪ ሆነ፣ እዚያ ቤት ገዛ፣ እንግሊዝ የሚያድርባቸው ቀናት በዓመት በአማካይ ከ91 እንዳይበልጡ ተጠነቀቀ። በዚያ ዘመን የግብር መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ላይ የተጻፈችው ቁጥር እሷ ነበረች። የመጣበትና የሄደበት ቀንም አይቆጠርበትም ነበር። ሆኖም ኦክስፈርድሽር ውስጥ ያለውን ቤት አልሸጠም፣ ልጁ እንግሊዝ ትምህርት ቤት ገባ፣ ቤተሰቡም እዚያ ይገኝ ነበር። ጉዳዩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥቅምት 2011 አራት ዳኞች በአንድ ተቃውሞ ፈረዱበት። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ ቀን መቁጠር የሚጠቅመው መጀመሪያ ለወጣ ሰው ነው፤ አንተ ግን አልወጣህም የሚል ነበር።

ከዚያ ክርክር በኋላ እንግሊዝ ደንቡን በሕግ ጻፈችው፤ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የሚሠራው መስፈርት እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ግልጽ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ አገር ውስጥ ከነበርክ ቀኑ ይቆጠራል። ከዚያ ገመዶችህ ይመዘናሉ፦ ትዳርህና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅህ የት ናቸው፣ ገብተህ የምታድርበት ቤት አለህ ወይ፣ እዚያ ትሠራለህ ወይ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በአንዳቸው ከ90 ቀን በላይ ቆይተሃል ወይ፣ ከሌላው አገር ሁሉ ይልቅ የምትበዛው እዚያ ነው ወይ። አገሩን በቅርቡ የለቀቀና አራት ገመድ ያለው ሰው በዓመት 16 ቀን ብቻ ቢያድር እንኳ ነዋሪ ነው። ገመድ የሌለው ሰው ደግሞ 182 ቀን ቆይቶ ነዋሪ ሳይባል ይቀራል። እንግዲህ ሚስቱን ለንደን ትቶ ዱባይ ላይ የሚቀመጥ ባል የቱን ያህል ጠባብ በር ላይ እንደቆመ ይታያል።

ሁለት አገሮች አንድን ሰው የእኔ ነው ሲሉ ምን ይደረጋል? ብዙዎቹ የሁለትዮሽ ስምምነቶች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ ቋሚ ቤቱ የት ነው ይባላል። ሁለቱም ጋ ካለው፣ የሕይወቱ ማዕከል ወደየት ያዘነብላል ይባላል፤ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ማኅበር፣ ንብረት ይመዘናል። ያም ካልለየ የሚያዘወትረው፣ ከዚያ ዜግነቱ። ይህም ካልፈታው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ሁለት ባላ መትከል ለሌላው ነገር ብልኅነት ነው፤ ለግብር ግን ሁለቱንም ባላ ማስረጃ ያደርጋል።

የስፔን መርማሪዎች የሕይወት ማዕከልን እንዴት እንደሚፈልጉ በዘፋኟ ሻኪራ ላይ አሳይተዋል። ከ2012 እስከ 2014 ድረስ ነዋሪነቷ ባሃማስ ነው ስትል፣ ዐቃቤ ሕግ በየዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ስፔን ነበረች አለ። 14.5 ሚሊዮን ዩሮ ግብር አልከፈለችም ተባለ። የመጀመሪያ ልጇን በ2013 የወለደችው ባርሴሎና ነው፣ የልጆቿ አባት ያኔ ይጫወት የነበረው ለባርሴሎና ነው። መርማሪዎቹ ጎረቤት ጠየቁ፣ በማኅበራዊ ገጾች የለጠፈችውን አገላበጡ፣ ፀጉሯን የምትሠራበት ሳሎን ድረስ ሄዱ። በኅዳር 2023 ችሎቱ በተከፈተበት ቀን ክሱን ተቀብላ ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት ለመክፈል ተስማማች፤ እስራቱም በገንዘብ ተለወጠላት። ውዝፉን ቀድማ ከፍላለች፤ የተስማማሁት ለልጆቼ ስል ነው አለች። ስለ ዘፋኟ የፈለግነውን ብናስብ፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው የባንክ ደብተር ብቻ የሚያነብበት ዘመን አልፏል። ስልክ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የውሻ ክትባት ሳይቀር ሰውየው የት እንደሚኖር ይናገራሉ።

ለንደን በሌላ መንገድ ነው ሰዎቿን የያዘችው፣ አሁን ደግሞ የምታጣው። ከ1799 ጀምሮ መነሻ አገሬ ሌላ ነው የሚል ነዋሪ ውጭ ያገኘውን ገንዘብ ወደ እንግሊዝ እስካላስገባ ድረስ አይከፍልበትም ነበር። በ2022 የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር የሪሺ ሱናክ ባለቤት በዚህ መብት ትጠቀም እንደነበር ሲወጣ የፖለቲካ ጩኸቱ ከባድ ነበር። እስከ 2023 በነበረው የግብር ዓመት በዚህ ደረጃ የተመዘገቡት ወደ 74 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከሚያዝያ 6 ቀን 2025 ጀምሮ መብቱ ተሽሯል። አዲስ የሚገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ብቻ እፎይታ ያገኛል። ሀብታሞቹን ያስደነገጠው ግን የገቢ ግብሩ አይመስለኝም። ከ20 ዓመት ውስጥ 10 ዓመት የኖረ ሰው ሲሞት በዓለም ላይ ባለው ንብረት ሁሉ ላይ 40 በመቶ የውርስ ግብር ይታሰባል የሚለው ነው። ገቢህን በየዓመቱ ልታቅድ ትችላለህ፤ የምትሞትበትን ዓመት ግን ማንም አያቅድም። አንዳንዶች ወደ ሚላን የተነሡት በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፤ ጣሊያን የውርስ ግብሯ ለልጆች 4 በመቶ ብቻ ነው።

ታዲያ ሀብታም በእርግጥ ከግብር ይሸሻል? ክሪስቶባል ያንግና ባልደረቦቹ በ2016 ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ሚሊየነሮችን የ13 ዓመት የግብር መዝገብ ተመልክቶ ያገኘው ብዙዎችን አስገርሟል። ሚሊየነሮች በዓመት ከክልል ወደ ክልል የሚዛወሩት 2.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ጠቅላላው ሕዝብ 2.9 በመቶ ነው። ከሀብታሙ ይልቅ ድሃው ይነቀላል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ከፍተኛ ገቢ የሚያገኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሠራ ሰው ነው፣ ደንበኛው፣ ሸሪኩ፣ ስሙ ያለው በለመደው ከተማ ነው። ይህን ከዙሪክ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይገባኛል። ከዙሪክ ግማሾቹ የሄዱት እዚያ ሥራ እንዳይኖራቸው ሕጉ ራሱ ስላስገደዳቸው ነው። የሚሠራ ሀብታም ሥር አለው፤ ከሀብቱ የሚኖር ሰው ግን ሻንጣውን የሚይዝበት ነገር ጥቂት ነው። ሕግ አውጪዎች ሁለቱን ባይደባልቁ የሚሻል ይመስለኛል።

ሥር ደግሞ በገንዘብ አይለካም። የአይኪያው መሥራች ኢንግቫር ካምፕራድ በ1973 ስዊድንን ለቆ ወደ ዴንማርክ፣ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። በዚያው በቮ ካንቶን፣ ኤፓለንዥ በምትባል መንደር ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ኖረ። ስዊድን የውርስ ግብርን በ2004 መጨረሻ፣ የሀብት ግብርን በ2007 ሻረች። ካምፕራድ ግን ወዲያው አልተመለሰም። የተመለሰው በ2014 ነው፤ ሚስቱ በ2011 ከሞተች በኋላ፣ በ88 ዓመቱ፣ ልጅ ሆኖ ክብሪት ይሸጥበት ወደነበረው ስሞላንድ። አገሩን እንዲተው ያደረገው ግብር እንደነበር ሲወራ ኖሯል፤ ግብሩ ከተነሣ በኋላ ለሰባት ዓመት ያቆየውን ግን ማንም ሒሳብ አዋቂ በሰንጠረዥ ሊያስቀምጠው አይችልም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሰው ከወጣ ግብሩ ይቀርለታል በሚል እሳቤ ላይ የቆመ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ አይሠራም። ግብር በዜግነት የሚጠይቁ ሁለት አገሮች አሉ፤ አንዷ ከውጭ ነዋሪዎቿ ላይ 2 በመቶ የምትወስደው ኤርትራ፣ ሌላዋ አሜሪካ። ቦሪስ ጆንሰን በ1964 ኒው ዮርክ ተወለደ፣ በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ የለንደን ከንቲባ ሆኖ ሳለ የለንደን ቤቱን በመሸጡ አሜሪካ ግብር ጠየቀችው። መጀመሪያ አልከፍልም አለ፣ በኋላ ከፈለ፣ ከዚያ ዜግነቱን መለሰ። የፌስቡኩ ተባባሪ መሥራች ኤድዋርዶ ሳቬሪን ደግሞ ከኩባንያው የአክሲዮን ሽያጭ በፊት፣ በ2011፣ ዜግነቱን ትቶ ሲንጋፖር ተቀመጠ። ሴናተሮች ተቆጥተው ሕግ አረቀቁ፤ አልጸደቀም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባ መግባትን የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ልጃቸውን አሜሪካ ሄደው የወለዱ የአዲስ አበባ ወላጆችም አሉ፤ ያ ልጅ ቦሌ ሲያድግ፣ ሲሠራ፣ ሲከብር፣ የግብር ማስታወቂያ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (ለአይአርኤስ) የማቅረብ ግዴታ ከሱ ጋር ያድጋል። ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ አንድ የሮማኒያ ተወላጅ ነው። በኮሚኒስቱ ዘመን ወደ አሜሪካ ተሰድዶ ሳህን እያጠበ፣ የቧንቧ ሥራ እየሠራ ዜጋ ሆነ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1990 ወደ አገሩ ተመለሰና በንግድ በለጸገ። የውጭ የባንክ ሒሳቦችን በየዓመቱ ማሳወቅ እንዳለበት አላወቀም። የአሜሪካ መንግሥት ለአምስት ዓመታት 272 ሒሳብ ቆጥሮ በእያንዳንዱ 10 ሺህ ዶላር፣ በድምሩ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2023 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ቅጣቱ በዓመታዊው ማስታወቂያ እንጂ በሒሳብ ቁጥር አይደለም አለ፤ ወደ 50 ሺህ ዶላር ወረደ። ማስታወቂያው የሚያስፈልገው በዓመት ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ የውጭ ሒሳቦች ድምር ከ10 ሺህ ዶላር ሲበልጥ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ለቤት መሥሪያ የተቀመጠ ዳያስፖራ አካውንት ይህን መጠን ለማለፍ ብዙ አይፈጅበትም።

ብዙ ሰው ውጭ ሠርቼ የማገኘው ከግብር ነፃ ነው ሲል ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ለ2025 እስከ 130 ሺህ ዶላር ድረስ በሥራ የተገኘ ገቢ ሊቀነስለት ይችላል፣ በ12 ወር ውስጥ 330 ቀን ውጭ ከቆየ። ግን የሥራ ገቢ ብቻ ነው። የኪራይ፣ የአክሲዮን ድርሻ፣ የወለድ፣ የጡረታ ገቢ በዚህ አይሸፈንም። ኢትዮጵያ ለተወላጆቿ የምትሰጠው ቢጫ ካርድ ለቪዛና ለሥራ ይጠቅማል እንጂ የአሜሪካን ግብር አይነካም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ካርዱ ስላለፈበት ብቻ ግዴታው አይሞትም፤ በሥርዓቱ መመለስ አለበት። ከ15 ዓመት ውስጥ በ8ቱ ካርዱን የያዘ ሰው ሲመልስ እንደ ዜጋ የመውጫ ሒሳብ ይሠራለታል። ሀብቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ከደረሰ ያለውን ሁሉ በወጣበት ቀን ዋዜማ እንደሸጠ ይቆጠራል። 2 ሚሊዮን ስንል ቢሊየነር የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል፤ መጠኑ ከወጣ ጀምሮ በዋጋ ንረት አልተስተካከለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብድሩ ያለቀ ቤት፣ ሁለት የኪራይ ቤት፣ የጡረታ ቁጠባና የቦሌ ሕንፃ ድርሻ ያለው ታክሲ ነጂ የነበረ ሰው ሊደርስበት ይችላል።

በዚህኛው ዳርም መቀበያ አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 (ይህ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ የቆየ፣ ወይም መኖሪያውን እዚህ ያደረገ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት፣ ውጭ የከፈለው ይታሰብለታል። የኪራይ ገቢ ከፍተኛው መጠን 35 በመቶ ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል የተደራራቢ ግብር ስምምነት የለም፤ ስለዚህ ቋሚ ቤትና የሕይወት ማዕከል የሚለው የመለያ ቅደም ተከተል እዚህ አይሠራም። ሁለቱም አገር ሙሉውን ሰው ይጠይቃል፤ የሚያስታርቀው እያንዳንዱ አገር ለሌላው ክፍያ በራሱ ሕግ የሚሰጠው ቅናሽ ነው። ለዚህ ደግሞ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ እዚህ የከፈለበትን ደረሰኝ ያልያዘ ሰው እዚያ እንደገና ይከፍላል።

ለመመለስ የሚያስብ ሰው ስለ መጠን ብዙ ይጠይቃል፤ ከሁሉ ቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ግን አሜሪካ ያለው ቤቱ ነው። ባልና ሚስት ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት የኖሩበትን ቤት ሲሸጡ ከትርፉ እስከ 500 ሺህ ዶላር፣ ብቻውን ያለ ሰው እስከ 250 ሺህ ዶላር ግብር አይከፈልበትም። አዲስ አበባ ገብቶ ኑሮው እስኪረጋጋ ቤቱን ያከራየ ሰው ሦስት ዓመት ካለፈው ይህ መብት ያልፈዋል፤ በኪራይ ዓመታት የቀነሰው የእርጅና ተቀናሽም ሲሸጥ ይመለስበታል። ስለዚህ ልሽጠው ወይስ ላከራየው የሚለው ጥያቄ ሻንጣ ከመታሸጉ በፊት መመለስ ያለበት ነው፤ ሁለቱን አገር የሚያውቅ ሒሳብ አዋቂ ጋ የሚኬደውም የአውሮፕላን ቲኬት ከመቆረጡ ቀደም ብሎ ነው።